በእስር ቤት የተተረጎመ ልቦለድ፣ የእስር ቤት ልቦለድ ነውን?

«የእስር ቤት ልቦለድ» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ሥነ ጽሑፋዊ ሂስ ውስጥ ጠርቶ የተበየነ አይደለም። አንዳንዶች መቼቱ ወኅኒ የሆነውን ሥራ ብቻ በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ሌሎች ደራሲው ታስሮ ሳለ የጻፈውን ሁሉ ይጨምሩበታል። ክርክሩ የቃላት ክርክር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ ይዘን «ይህስ ከየትኛው ወገን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ጉዳዩ ስለ አነባበባችን መሆኑ ይገለጣል። እዚህ የማነሣው መጽሐፍ ገጣሚው ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ነው።

የትርጉሙ ታሪክ ከመጽሐፉ ይልቅ የታወቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነቢይ በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ ከአንድ እስረኛ ጋር የገባውን አንድ ቅጂ መነሻ አድርጎ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ላይ እየተረጎመ ጻፈ፤ ለታሳሪ ጓደኞቹም ያነብላቸው ነበር። ወረቀቶቹ 3,000 ያህል ደረሱ። የሚፈቱ ሰዎች በሲጋራ ፓኮ እየሸሸጉ አወጧቸው፤ እሱም ከተፈታ በኋላ ከየሰዉ እጅ አሰባስቦ አሳተማቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ እትም 1,037 ገጽ ነበረው። እንግዲህ በግርድፉ ሲሰላ አንዱ የሚቸል ገጽ ሦስት ያህል የሲጋራ ወረቀት ወስዷል ማለት ነው። ይህ ስሌት እንዲያው ለአድናቆት የቀረበ አይደለም። ሥራው በምዕራፍ ሳይሆን በመዳፍ በምትያዝ ቁራጭ እየተለካ፣ ዕለት ዕለት እየተሰማ መወለዱን ያሳያል። መጽሐፉ አንባቢ ከማግኘቱ በፊት አድማጭ ነበረው።

እኛም በዚሁ መንገድ ልናነበው ሞከርን። ባለፈው ዓመት ከጥቂት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጋር በጉለሌ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከተማሪዎቹ አንዱ በተከራያት ክፍል ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኘን አንዱ ሲያነብ ሌላው እንዲያዳምጥ፣ ከዚያም እንድንወያይ ተስማማን። (ጉለሌ ለአማርኛ ልቦለድ እንግዳ ሰፈር አይደለችም፤ ተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈው በእርሷ ስም ነው። ደራሲው ራሱ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት የተረፈ ሰው ነበር።) ከክበቡ አባላት የሲጋራ ወረቀቱን ታሪክ ያልሰማ አልነበረም። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበቡት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። የክበቡ እውነተኛ ችግር ይህ ነበር፤ የአነሣሥ ታሪኩ የመጽሐፉን ቦታ ይዞታል።

ክርክሩን የከፈተች አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «እስር ቤቱ ያለው በተርጓሚው ሕይወት እንጂ በድርሰቱ አይደለም፤ ስለዚህ የምናደንቀው ሰውየውን ነው» አለች። ሐሳቧ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ታሪኩ ስለ ጆርጂያ ባለ እርሻዎች፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ስካርሌት ኦሃራ ነው። ሆኖም ንባቡ እየገፋ ሲሄድ የምንሰማው ነገር ተማሪዋን ራሷን አስገረማት። በልቦለዱ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሦስት እስር ቤት አለ።

የመጀመሪያው አሽሊ ዊልክስ የተያዘበት የኢሊኖይ የምርኮኞች ካምፕ፣ ሮክ አይላንድ ነው። ማራኪዎቹ ለምርኮኞች አንድ አማራጭ ያቀርባሉ፦ ለሰሜኑ ጦር ቃል ገብቶ በጠረፍ ሕንዶችን ለመውጋት የተመዘገበ ከካምፑ ይወጣል። አሽሊ እምቢ ይላል። ሚስቱ ሜላኒ በዚህ ትኮራለች። ስካርሌት ግን «ለምን ቃል ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ከዚያ ከድቶ አልመጣም?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሬት በትለርም እሱ ቢሆን እንዲህ ያደርግ እንደነበር አይሸሽግም። ደራሲዋ ይህን በጥቂት ገጾች ታልፈዋለች። እኛ ግን ሁለት ሳምንት ቆየንበት። የክበቡ አባላት በሙሉ ከደርግ መውደቅ በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ ቢሆንም «ራስን ማጋለጥ» የሚለው የቀይ ሽብር ዘመን ቃል ከየቤታቸው ደርሷቸዋል። አንዱ ተማሪ የአሽሊ እምቢታ ክብር ሳይሆን የባለ እርሻ ኩራት ነው ሲል፣ ሌላው «እምቢ ያለ ሰው ለምን እምቢ እንዳለ የሚጠየቀው በተፈታ ሰው ነው» ብሎ መለሰለት። በበኩሌ የኋለኛው አባባል ስለ አሽሊ ከጻፉ ብዙ ሐያስያን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለተኛው እስር ቤት አትላንታ ውስጥ ነው። የሰሜኑ ጦር ሬትን በእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ አስሮታል። ስካርሌት የታራን ግብር መክፈያ 300 ዶላር ፍለጋ፣ ከመጋረጃ የተሰፋ አረንጓዴ ከፋይ ቀሚስ ለብሳ፣ ባለጸጋ መስላ ልትጠይቀው ትሄዳለች። ውሸቷን የሚያጋልጠው እጇ ነው፤ ሬት መዳፏን ገልብጦ ሲያይ የሻከረውን የእርሻ ሠራተኛ እጅ ያገኛል። ትዕይንቱ በቴክኒክ ረገድ ከመጽሐፉ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው፤ አንድ ቃል ሳይነገር ሴራው ይገለበጣል። ለእኛ አገር አድማጭ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። በእኛ ዘንድ ጠያቂ ስንቅ ቋጥሮ፣ በወኅኒ በር ተሰልፎ፣ የሚበላ ነገር ያቀብላል። ስካርሌት ግን ባዶ እጇን ሄዳ ከእስረኛው ልትቀበል ትፈልጋለች። ይህ የተገላቢጦሽ ጥየቃ በማዕከላዊ ግቢ በተተረጎመ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ከማንኛውም የፍቅር ምዕራፍ የበለጠ ጆሮ ይይዛል።

ሬት የታሰረው ግን በምን ነበር? ሰሜነኞቹ የደቡቡን መንግሥት ገንዘብ ሸሽጓል ብለው ይጠረጥሩታል፤ የቀረበበት ክስ ግን አንድ ጥቁር ሰው ገድሏል የሚል ነው። በኋላ መግደሉን ራሱ ያምናል፤ ምክንያቱ ሟቹ ነጭ ሴት ደፍሮ ተናገረ የሚል ነው። ትረካው ለሟቹ ስም እንኳ አይሰጠውም፤ ሐዘኔታችንን በሙሉ ለታሳሪው እንድናደርግ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ክበባችን ተከፈለ። «በእስር ቤት የተተረጎመ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ መለካት የለበትም» ያሉ ነበሩ። እኔ ከእነሱ ጋር አልነበርኩም። የነቢይ ድካም መጽሐፉን ከማንበብ ነጻ አያወጣንም፤ እንዲያውም ያስገድደናል። ሚቸል የደቡቡን ዓለም ያየችው ከባሪያ አሳዳሪው በረንዳ ላይ ሆና ነው። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1937 የፑሊትዘር ሽልማትን ቢያገኝም ይህ እይታ አይለወጥም። ወደ አማርኛ ሲገባ ደግሞ ባዶ ቤት አልገባም። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ውስጥ የተውሶ ቃል አይደለም። የአማርኛ አንባቢ የታራን ጌቶችና ሎሌዎች ሲያገኝ ከሩቅ አገር ተረት ጋር ብቻ አይደለም የሚገናኘው።

ወደ ርእሱ ልመለስ፤ ክበቡ ብዙ ጊዜ ያጠፋው በእሱ ላይ ነውና። የእንግሊዝኛው ርእስ ከገጣሚው ኧርነስት ዳውሰን ስንኝ የተቀዳ ሆኖ ወደ ኋላ፣ ነፋስ ወዳጠፋው ነገር ይመለከታል። የአማርኛው ወደ ፊት ይመለከታል። ተርጓሚው ይህን ከራሱ አላመጣውም፤ ሐሳቡ ከልቦለዱ መዝጊያ የተገኘ ነው፤ ሚቸልም በረቂቋ ዘመን ይህንኑ ለርእስነት አስባው ነበር። ቢሆንም ርእሱ ቦታውን ሲለውጥ ትርጉሙም ይለወጣል። በልቦለዱ ውስጥ «ነገ» የስካርሌት መሸሻ ነው፤ የሚያስጨንቃትን ሁሉ ለማግሥቱ ታሳድራለች፣ ማግሥቱ ሲመጣም መልሳ ታሳድረዋለች። ስለዚህ አንዷ ተማሪ የአማርኛውን ርእስ «የተስፋ ርእስ መስሎን የኖረ የሽሽት ርእስ» አለችው። መልስ የሰጣት ተማሪ ያነሣው ነጥብ ሰዋስዋዊ ነበር። «ነገ» ሳይሆን «ነገም» ነው አለ። «ም» የምትባለው ምዕላድ ነገን ከዛሬና ከትናንት ጋር ታስተሳስረዋለች፤ ዛሬ ሌላ ቀን እንደነበረ ሁሉ ነገም እንዲሁ ነው እንደማለት። ስካርሌት ነገዋ በእጇ ስለሆነ ታሳድራለች። በሌሊት ስም እየተጠራ ሰው በሚወጣበት ዘመን የነበረ እስረኛ ግን ነገን የሚያሳድርለት ሌላ ሰው ነው፤ ለእሱ «ነገም» ማለት ቆጠራ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ይህ ንባብ ከርእሱ ተስፋን አያነሣም፤ ዋጋውን ይጨምርበታል። የርእሱ ምርጫ ነው መጽሐፉን ከእስር ቤት ልቦለድ ወገን ያስገባው ብል አስረዳለሁ ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው እስር ቤት ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ያለ ክበቡ እኔም በቸልታ አልፈው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ስካርሌት ለእንጨት መሰንጠቂያዋ ርካሽ ጉልበት ስትፈልግ ከጆርጂያ መንግሥት እስረኞችን ትከራያለች። የእስረኛ ኪራይ የሚቸል ፈጠራ አይደለም፤ ባርነት ከተሻረ በኋላ በደቡቡ ግዛቶች የተስፋፋ አሠራር ነበር፤ ከተከራዩት እስረኞችም አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ስካርሌት ድንገት መሰንጠቂያው ዘንድ ስትሄድ እስረኞቹ ከስተው ታገኛቸዋለች፤ የላከችላቸውን ምግብ አሠሪው ጆኒ ጋለገር ሸጦታል። ትቆጣለች። እሱ ሥራውን እለቃለሁ ሲላት ትርፏን ታስብና ቁጣዋን ትውጣለች። ትረካው ከእሷ ጋር ሠረገላው ላይ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ ወደ እስረኞቹ ሰፈር አይመለስም።

ይህ ክፍል በተነበበበት ቀን ውይይቱን ያጠፈው አርቺ የተባለው ንዑስ ገጸ ባሕርይ ነው። አርቺ ሚስቱን ገድሎ አርባ ዓመት ገደማ ታስሯል፤ የተፈታውም በጦርነቱ ማብቂያ እንዲዋጋ ተብሎ ነው። ጨካኝ ነው፣ ጥቁሮችን ይጠላል፣ ሴቶችን ይንቃል፤ ደራሲዋም እንድንወደው አልሠራችውም። የስካርሌት ሠረገላ ነጂ የሆነው ይህ ሰው እስረኛ ልትከራይ መሆኗን ሲሰማ አገልግሎቱን ያቆማል። ወዳጆቿም በነገሩ ተቃውመዋታል፤ እነሱ ግን የሚናገሩት ከውጭ ሆነው ነው። ወኅኒን ከውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመቃወም ብቻ አያበቃም፣ ልጓሙንም ይለቃል። አንባቢው ተማሪ እዚህ ላይ ቆሞ ያንኑ አንቀጽ ሁለተኛ ጊዜ አነበበው፤ ማንም እንዲደግመው አልጠየቀውም ነበር። ያቺ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ማስታወሻዋን አውጥታ ከሬት ስም በላይ የአርቺን ስም ጻፈች።