ጋቢ ውስጥ የተከፈተ የድምፅ ትምህርት ቤት

ኧረ ስሙኝማ! አርባ ዓመት ሙሉ ዘፈንን ወድጃለሁ፤ ዘፈን ግን አልወደደኝም ነበር። ሠርግ ላይ ማይክ ከያዝኩ የማልለቅ፣ አድማጩ ግን ቀስ እያለ ወደ ምግቡ የሚሄድብኝ ሰው ነበርኩ። እዚህ አምቦ ተቀምጬ ድምፄን ላሠልጥን ብዬ ስነሳ የታዩኝ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ወይ በኢንተርኔት መማር። ሁለቱንም ሞከርኩ፤ ሁለቱም አቃተኝ። ከዚያ ሦስተኛውን አገኘሁ። እሱን ካገኘሁ ወዲህ ጎረቤት አላስተኛም፤ እናንተንም አላስተኛችሁም!

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ተነስቶ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን አልፎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ ሰው መምህሩ ፊት ሲቆም ምን ትንፋሽ ይተርፈዋል? ለአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ቀን ይሄዳል፤ የትራንስፖርቱን ነገርማ ተዉት። መምህሬ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረች፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ምንም ያልቀራት ወጣት ናት። ስትቆጣኝ እንኳ በአክብሮት ነው፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ወደቁ!»

ወጪው ሲከብደኝ ወደ ቪዲዮ ጥሪ ዞርን። ወይ ጉድ! እሷ ኪቦርዱን ትነካለች፣ እኔ ተከትዬ እዘፍናለሁ፤ «ጋሼ፣ ዘገዩ!» ትለኛለች። እፈጥናለሁ፤ ይብስበታል። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ግን ጥፋቱ የኔ አልነበረም። አብረው የሚጫወቱ ሙዚቀኞች በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያልፍ ምቱ ይፈርስባቸዋል። ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ አሥር ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ያህል ነው። የቪዲዮ ጥሪ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊሰከንድ ይበልጣል። እኔና መምህሬ እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በትልቅ ሜዳ ሁለት ጫፍ ቆመን አብረን ለመዝፈን ስንታገል ነበር! በዚያ ላይ የጥሪ መተግበሪያዎቹ የተሠሩት ለወሬ ነው። ረጅም ዜማ ስስብ የአየር ማራገቢያ ጩኸት መስሏቸው ድምፄን ያፍኑታል። ዙም ላይ ይህንን የሚያስቀር፣ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀ ማስተካከያ አለ፤ መዘግየቱን ግን እሱም አያስቀረውም።

አንድ ማታ ኔትወርኩ ጭራሽ እምቢ አለ። ምስሏ ደርቆ ቀረ፣ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር መጣ፦ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ ቮይስ ይላኩልኝ።»

ይኸው ነው! ግኝቱ ይኸው ነው! አትሳቁ። ሁላችሁም በቀን አሥር ጊዜ የምትልኩት ያ ቮይስ የድምፅ ትምህርት ቤት ነው!

ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ስለሆነ ቢዘገይም ምቱ አይፈርስም። ኔትወርክ ሲመጣ ይሄዳል፣ ሲጠፋ ይጠብቃል። ከቪዲዮ ጥሪ ጋር ሲተያይ የሚበላው ፓኬጅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መምህሬ ኪቦርዷ ላይ ዜማውን ተጫውታ ትልክልኛለች፤ በጆሮ ማዳመጫ ያንን እየሰማሁ ድምፄን በሌላ ስልክ ቀድቼ እመልስላታለሁ። እሷ ሲመቻት ትሰማለች፣ ስህተቱ ያለበትን ሰከንድ ቆጥራ ትጽፍልኛለች፣ ትክክለኛውን በራሷ ድምፅ ዘፍና ትልካለች። ያንን እኔ ሃያ ጊዜ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ አስተማሪን ሃያ ጊዜ «ድገሚልኝ» የሚል ደፋር ማን ነው?

አንቺ ሆዬን በዚህ ነው የተማርኩት። አራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። አንቺ ሆዬ አንዴ በጠባቡ ታስረግጥና ወዲያው ሰፊ ታዘልላለች፤ ከዚያ እንደገና ጠባብ፣ እንደገና ሰፊ። እኔ ጠባቡን ሁሉ አሰፋው ነበር። ክፍል ውስጥ ሲነገረኝ አልሰማውም፤ እየዘፈንኩ ነዋ! የሷን ቮይስና የኔን አከታትዬ ስሰማ ግን፣ በስመ አብ! አብሬው ስኖር ያላየሁት ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

እዚህ ጋ አንድ መራራ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ቅጂ ስሰማ «ይሄ ማነው?» ብያለሁ። ሰው የገዛ ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንትም ስለሚሰማው ለራሱ ወፍራምና ግርማ ያለው ይመስለዋል፤ ቅጂው ላይ የአጥንቱ ድርሻ ሲቀር ቀጥኖ ይገኛል። ይህንን ለባለቤቴ በሰፊው ሳብራራላት ሳቋን ማፈን አቃታት፦ «እኛማ ሁሌም የምንሰማው ይሄንኑ ነው። ለማንኛውም ስትለማመድ በሩን ዝጋው።»

ስቱዲዮስ? ስቱዲዮዬ ጋቢ ነው! ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ባጃጁ ሳይነሳ፣ ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናንቤ ስልኬን አገጬ ሥር እይዛለሁ። ወፍራም ጨርቅ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጠዋል፤ የአምቦን የማለዳ ብርድም እግረ መንገዱን ይመክታል። አንድ ሐዘን ብቻ አለብኝ። የአምቦ ሰው ሆኜ፣ ጋዙ ግሳት ያመጣል ተብሎ ከልምምድ በፊት አምቦ ውሃ ተከልክያለሁ።

ታዲያ በአካል መማር ቀረ? ኧረ በፍጹም! ከሦስት ወር ቮይስ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። አንድ መስመር እንደዘፈንኩ አስቆመችኝና «ጋሼ፣ ትከሻዎ ለምን ይነሳል?» አለች። መሬት ላይ አስተኛችኝ፣ ሆዴ ላይ መጽሐፍ አስቀመጠች፣ «ሲተነፍሱ እሱን ያንሱልኝ እንጂ ደረትዎን ተዉት» አለች። በሦስት ደቂቃ! ሦስት ወር ሙሉ ቮይሱ «ትንፋሽ አጠረዎት» ሲለኝ ነበር፤ ለምን እንዳጠረኝ ግን ዓይን ብቻ ነው ያየው። ለዚህ ነው አሁን «በኢንተርኔት ወይስ በአካል?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ የሆነው፦ ጆሮ በሩቅ ይማራል፣ ትንፋሽ በቅርብ። በሳምንት ሦስት ቮይስ፣ በወር አንድ ጊዜ ሚኒባስ!

አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ የዜማ ቤት ተማሪ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት። እሱም ከመሪጌታው ተቀብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ያመላልሰዋል፤ ሲጠናለት ተመልሶ ያሰማል፣ ይታረማል። ማስተማሩና መለማመዱ በአንድ ሰዓት መሆን አለበት ያለው ማነው?

የአካባቢያችንም ታሪክ ሁለቱንም ግማሽ፣ የሩቁንም የቅርቡንም፣ ይመሰክራል። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ቆየ፤ ግጥምና ዜማ መሥራት የተማረው እስር ቤት ውስጥ ነው፤ «ሰኚ ሞቲ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ አብዛኛው ሥራ እዚያ ተጻፈ። ከወንጪ ማዶ ወሊሶ ላይ ደግሞ ጥላሁን ገሠሠ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ሼዳድ የሙዚቃ ዝንባሌውን አይተው አበረታቱት፤ የሀገር ፍቅር ቲያትር ከያንያን ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ሲጫወቱ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዘው። አንዱ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ርቆም መማር እንደሚቻል አሳየ፤ ሌላው ሰውን በዓይን ማየት የሚያቀጣጥለውን ነገር።

እና እናንተ ጉደር ያላችሁ፣ ጌዶ ያላችሁ፣ ጀልዱ ቆፈን ውስጥ ለብቻችሁ የምታንጎራጉሩ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፣ ጋቢው አልጋችሁ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ቮይስ ብታሳፍርም አታጥፏት፤ እኔ የኔን አስቀምጫታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደልማዴ ተከናንቤ ስጀምር ባለቤቴ ጓዳ ቡና ትቆላ ነበር። ተነስቼ በሩን ልዘጋ ስል ከወዲያ ድምፅዋ መጣ፦

«ተወው፣ ክፍት ይሁን።»