ስለ ዶሪያ ስምና ስለ ገናሌ ወንዝ

ስም ለሰው መታወቂያው፥ ለአገርም ታሪኩ ነው። አንድ ወንዝ ወይም አንድ ተራራ በምን ስም እንደሚጠራ መመርመር ለካርታ ሠሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን፥ ቋንቋን ለሚወድና ጽሕፈትን ለሚያከብር ሰው ሁሉ የሚገባ ተግባር ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከባሌ ታላላቅ ወንዞች አንዱ በሆነው በገናሌ ላይ በመጻሕፍት ተቀጥሎ የቀረውን «ዶሪያ» የተባለውን የኢጣልያ ስም አንሥተን፥ ከየት እንደ መጣ፥ በየስፍራው ለምን ለምን አገልግሎት እንደ ዋለ፥ በእኛስ ጽሑፍ ውስጥ ቦታው የት ሊሆን እንደሚገባ ለመመልከት አስበናል።

ዶሪያ በኢጣልያ የወደብ ከተማ በጄኖቫ የታወቀ የጥንት መሳፍንት ቤት ስም ነው። ከዚህ ቤት ከወጡት ሰዎች ዝናው እጅግ የገነነው አንድሬያ ዶሪያ ሲሆን፥ እርሱም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1466 ተወልዶ በ1560 የሞተ የባሕር ጦር አዛዥ ነበር። በ1528 የፈረንሳይን ንጉሥ ትቶ ወደ ንጉሠ ነገሥት ሻርል አምስተኛ ከዞረ በኋላ የጄኖቫን ሬፑብሊክ መልሶ አቋቋመ። ኢጣልያኖችም ስሙንና የቤቱን ስም አንድ ላይ አድርገው ለመርከቦቻቸው ሰጡት። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ያገለገለ አንድ የጦር መርከብ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በ1953 የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ውብ የመንገደኞች መርከብም «አንድሬያ ዶሪያ» ትባል ነበር፤ እርስዋም በ1956 «ስቶክሆልም» ከተባለች የስዊድን መርከብ ጋር ተጋጭታ በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች። ስሙ ግን ከመርከቢቱ ጋር አልሰጠመም፤ በ2007 ሌላ የጦር መርከብ ተቀብሎታል። የባሕር ሰው ስም ለመርከብ ቢሰጥ ተገቢ ነውና በዚህ ላይ የምንነቅፈው የለንም።

ሁለተኛው ዶሪያ ጃኮሞ ይባላል። እርሱም ከ1840 እስከ 1913 የኖረ፥ ስለ እንስሳት ጠባይና ዓይነት የሚመራመር ሊቅ ነበር፤ በ1867 በጄኖቫ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አቋቁሟል። ሙዚየሙም በስሙ ይጠራል። ከዚህም በላይ ሊቃውንት በሩቁ በኒው ጊኒ ደሴት ለሚገኝ አንድ የዛፍ ካንጋሮና ለአንድ የጭልፊት ወገን ስሙን ሰጥተዋል። ይህም የሚያስነውር አይደለም። ሙዚየሙን ያቆመው እርሱ ነው፤ እንስሳቱንም ለመመርመር የሚደክሙትን ሰዎች ይረዳ ነበር። የስሙና የሥራው ግንኙነት ግልጽ ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት ግን የእኛን ደጅ የሚነካ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የፓርማ ተወላጅ፥ የጁባን ምንጮች ለማወቅ በኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ድጋፍ ጉዞ ጀመረ። የዚያን ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጃኮሞ ዶሪያ ነበር። ቦቴጎም ገናሌን ባገኘ ጊዜ የደጋፊውን ስም ጨምሮ «ገናሌ ዶሪያ» አለው። እንግዲህ ዶሪያ ወደ ገናሌ የመጣው ወንዙን አይቶ ወይም ውኃውን ጠጥቶ ሳይሆን፥ የምስጋና ደብዳቤ እንደሚላክ በካርታ ላይ ተልኮ ነው።

ቦቴጎ ከጉዞው ሲመለስ ያሳተመው መጽሐፍ በ1895 ወጣ። አርእስቱም ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአፍሪቃ ልብ የተደረጉ የግኝት ጉዞዎች፤ የተመረመረው ጁባ» የሚል ሲሆን፥ በማኅበሩ ጥላ ሥር የተዘጋጀ መሆኑም በዚያው ተገልጿል። አርእስቱን እንደ አንድ የጽሑፍ ሥራ ብንመረምረው ሁለቱ ቃላት እኩል ሆነው አናገኛቸውም። «መመርመር» የሚለው እውነት ነው። ሰውየው በብዙ ድካም የወንዞቹን አካሄድ ተከትሏል፤ የሰበሰባቸው እንስሳትም በጄኖቫው ሙዚየም ሊቃውንት ተጠንተዋል፤ ስለዚህ ለዶሪያ ማመስገኑ ምክንያት አልነበረውም ለማለት አንችልም። «ግኝት» የሚለው ግን ሚዛን አይደፋም። ከብቱን ከገናሌ ሲያጠጣ የኖረ ሕዝብ ወንዙን አጥቶት አያውቅም። ቦቴጎ ራሱ «ገናሌ» ሲል የጻፈው ስሙን ከባላገሩ ሰምቶ ነው። ስለዚህ በዚያ ጥንድ ስም ውስጥ የፊተኛው ከሕዝብ የተሰማ፥ የኋለኛው ከማኅበር የተላከ መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል።

እኛ በጎሮ ተቀምጠን ይህን ስንጽፍ በቅርባችን ሌላ የሰው ስም አለ። የዌይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ሶፍ ዑመር ይባላል፤ ርዝመቱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደሚነገረው ሼክ ሶፍ ዑመር በዚያ ዋሻ ተጠግተው ጸሎት ያደርጉ ነበር፤ ስሙም ከዚህ የተነሣ ወጣ። የሰው ስም ለቦታ መሰጠቱ ብቻውን ክፉ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው፤ አንዱን ስም የኖረበት ሰው ለትዝታ ትቶታል፥ ሕዝቡም በአፉ ተቀብሎ ጠብቆታል፤ ሁለተኛውን ግን ያልኖረበት ሰው ከሩቅ ተሰጥቶታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን በጥር 1928 ዓ. ም. ጀነራል ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ በአውሮፕላንና በሞተር ኃይል የልዑል ራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር የወጋው በዚህ ወንዝ አካባቢ ነው። ራስ ደስታም ከዚያ በኋላ በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ. ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ያ ጦርነት እስከ ዛሬ በብዙ መጻሕፍት «የገናሌ ዶሪያ ጦርነት» ይባላል። ስለዚህ ወገኖቻችን የወደቁበትን ቦታ ስንጠራ የወራሪውን አገር ሊቅ ስም አብረን እናነሣለን ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ቃሉ ለአፍ ቀላል በመሆኑ ተማሪው የአገር ቃል መስሎት ሳይጠይቅ ሊያልፈው መቻሉ ነው።

«ስሙ በመጻሕፍትና በካርታ ስለ ገባ ብንተወው የታሪክ ተመራማሪው ሰነዱን ያጣዋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መልሱ ሩቅ አይሆንም። አባያን ኢጣልያኖች በንግሥት ማርጌሪታ፥ ጫሞን ደግሞ በ1893 በዝሆን በተገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም ሰይመዋቸው ነበር። ዛሬ ሕዝቡ የሚያውቃቸው አባያና ጫሞ ብሎ ነው፤ የሐይቆቹ ታሪክ ግን አልጠፋም። እንደዚሁም በገናሌ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በጥር 2012 ዓ. ም. የተመረቀውና 254 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል ያለው ግድብ «ገናሌ ዳዋ 3» ተብሏል። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑ ሁለት ወንዞች ናቸውና፥ በዚህ ስም ውስጥ ከባዕድ የተዋሰ ቃል የለም። ሥራውም ዶሪያን በማጣቱ አልጎደለም።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ፥ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በጋዜጣ ወንዙ «ገናሌ» ይባል። ስለ ቦቴጎ ጉዞና ስለ 1928ቱ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ደግሞ «ዶሪያ» የሚለውን ቃል አይሰርዘው፤ ነገር ግን የማን ስም እንደ ሆነና ማን እንደ ሰጠው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዳ። ስሙን ፈጽሞ ብንፍቀው እንዴት እንደ መጣ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ዝም ብለን ብንደግመው ደግሞ የእኛ ይመስላል። ሁለቱም ለልጆቻችን አይጠቅሙም።

አንድሬያ በመርከቡ፥ ጃኮሞም በሙዚየሙ ይኑር፤ ክብራቸውን አንነፍጋቸውም። አንባብያንም በየአውራጃቸው ያሉትን ወንዞች፥ ተራሮችና ሐይቆች ስም ከሽማግሌዎች እየጠየቁ፥ የትኛው ከሕዝብ አፍ፥ የትኛው ከካርታ እንደ መጣ ጽፈው እንዲያኖሩ እንለምናለን። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ይህ ሥራ ቢጀመር ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ስጦታ ይሆናል።