እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ

ሶዶ ላይ ተቀምጦ ስለ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ማውራት አንዳንዱን ያስቀዋል። ከተማችን ዳሞታ ተራራ ሥር፣ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ትበርዳለች። ለወባ በተለምዶ የሚሰጠው ድንበርም እዚሁ ከፍታ አካባቢ ነው። ግን የአርባ ምንጭን መንገድ ይዛችሁ ሁምቦ ጠበላ ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ አባያ ሐይቅ ዳር ቆላ ነው። ከአናጢነት የማገኘው እንጀራ ግማሹ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሥራው የሚበዛው ከጊፋታ በፊት ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ መስከረም ውስጥ ስለሚውል ሰው ቤቱን ይለቀልቃል፣ ያረጀውን ይጠግናል፤ ወንፊቱም የሚታወሰው ያኔ ነው። መገጣጠሙ ደግ ነው። ክረምቱ ያቆረው ውሃ ፀሐይ ሲያገኝ ትንኙ ይፈላል፤ ወባም የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አጎበር፣ ሽማግሌዎቹ ከጣሊያንኛ በወረስነው ስም ዛንዚራ የሚሉት፣ ሰውን የሚጠብቀው አልጋ ላይ ካገኘው ነው። እራት ላይ ለተቀመጠ ሰው ምን ያደርግለታል?

ሰው ወንፊት ሲፈትሽ መሀሉን ያያል። እኔ መሀሉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን እዘጋና ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ እጠብቃለሁ። በወንፊቱ አልፎ የሚገባው ብርሃን ደብዘዝ ያለ ነው፤ በክፈፉና በግድግዳው መካከል ሾልኮ የሚገባው ግን እንደ ነጭ ክር ጥርት ብሎ ይታያል። ያንን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደርግበትና የክብሪት እንጨት እሞክርበታለሁ። እንጨቷ ካለፈች ትንኟም ታልፋለች። ቀና ብዬ ደግሞ ጣራውና ግድግዳው የሚገናኙበትን አያለሁ፤ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ካለ በጭቃና ጭድ ሳይደፈን መስኮቱ ላይ መድከም ከንቱ ነው።

ቀጥሎ የታችኛውን ማዕዘን በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ሽቦ ወንፊት የሚበሰብሰው ከዚያ ጀምሮ ነው፤ አቧራው እዚያ ይከማቻል፣ ዝናብ ያረጥበዋል፣ እርጥብ አቧራ ደግሞ ዝገት ያመጣል። ቀዳዳ የሌለው የሚመስል ሽቦ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርክስክስ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የፕላስቲኩ አይዝግም፤ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አይጥም ይበላዋል።

ትንሽ ቀዳዳ ወንፊት አያስጥልም። ከቀዳዳው በየጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ትቆርጣለህ፤ ከቁራጩ ዳር ሁለት ሦስት ሽቦ ትመዝና የቀሩትን ጫፎች አጥፈህ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ታደርጋቸዋለህ። ጥርሶቹን በአሮጌው ወንፊት አሳልፈህ ከጀርባ ታስተኛቸዋለህ። ሙጫ አያስፈልገውም።

ሰው ንቆ የሚተወው ማጠቡን ነው። የምድጃ ጭስና አቧራ የደፈነው ወንፊት ነፋስ አያስገባም፤ ነፋስ የጠማው ሰው ደግሞ ወንፊቱን ይገነጥለዋል። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ በዓመት ሁለት ጊዜ ማጠብ ይበቃ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የሠራሁት ስህተት አለ። ከዓመታት በፊት እዚያው ቆላ፣ አንዲት እናት ቤት ሦስት መስኮት ላይ ወንፊት መታሁ። ከውስጥ በኩል፣ በሚስማር፣ እንደ ከበሮ ወጥሬ። በዓመቱ ስመለስ ሦስቱም ላይ፣ በመቀርቀሪያው ትይዩ፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተቀዷል። ጫፉ ክንድ እንዳይቧጭር ዙሪያው በአሮጌ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

«እማማ፣ ምነው ቀደዱት?»

«ልጄ፣ መስኮቴ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። አንተ በሽቦ አጥረኸው ሄድክ። እጄን በየት ሰድጄ ልዝጋው?»

መልስ አልነበረኝም። ያንን ጨርቅ የጠመጠመች እጅ ከእኔ መዶሻ ይልቅ አስባበታለች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለ መስኮት ወንፊቱን በቀላል እንጨት ክፈፍ ላይ እወጥራለሁ፤ ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ እሰጠዋለሁ፤ ክፈፉ ከመስኮቱ ጋር በሚገጥምበት ዙሪያ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ቅዳጅ እለጥፋለሁ። ዋጋው ይጨምራል፤ ደንበኛም ያጉረመርማል።

አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ የምትባል መንደር ውስጥ ተመራማሪዎች 40 ቤቶች መርጠው የ20ዎቹን በርና መስኮት በወንፊት ሸፍነው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ ወንፊት በተሠራላቸው ቤቶች ውስጥ ዋናዋ የወባ ትንኝ በ40 በመቶ ቀንሳለች። ሌላው 40ውን ያደንቃል፤ የአናጢ ዓይን የሚያርፈው በቀሩት 60ዎቹ ላይ ነው። በየት ገቡ?

የእማማን መስኮቶች በአዲሱ ዓይነት ሠርቼ ስጨርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር። ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ ሞከሯቸውና ወደዷቸው። ቡና ቀረበ። ጎረቤት ተጠራ፣ ልጆች ወጡ ገቡ፤ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። እንግዳ እየመጣ ማን በር ይዘጋል? ሁለተኛው ስኒ ሲደርሰኝ ቀና አልኩ። አንዲት ትንኝ አዲሱ ወንፊት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ረጋ ብላ አርፋለች።