የጌም ሌሊት ምን ያህል ይጨልም?

ዴይዚን ወይም ራስትን ከሌሎች ሰዎች ጋር ተጫውታችሁ ከሆነ የሌሊቱን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ። አንዱ «ምንም አይታይም፣ አሰልቺ ነው» ይላል፤ ሌላው «ካልጨለመ ምኑን ሌሊት ሆነ?» ይላል። የጌም ሠሪዎቹ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽሽት ነው። ዴይዚ ውስጥ የሰርቨሩ ባለቤት ፈካ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ሌሊት ይመርጣል፤ ካሻውም ቶሎ እንዲነጋ ያፋጥነዋል። ማይንክራፍት ውስጥ ተጫዋቾቹ አልጋ ላይ ከተኙ በቃ፣ ነጋ።

እኔ ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ይመስለኛል። ሌሊት አንድ ዓይነት ጨለማ የለውማ!

ለዚህ የጎጃም ደጋ ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። ከደብረ ማርቆስ መብራት ራቅ ብላችሁ፣ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ካሉት ገጠሮች በአንዱ አምሹ (ብቻችሁን አይደለም፣ ጅብ አለ)። ስልካችሁን አጥፉና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዐይናችን ሕዋሳት ሙሉ ለሙሉ ለመንቃት ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋሉ። እነዚህ ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፣ ለጥቃቅን ነገርም አይሆኑም። የባሕር ዛፉ ቅርጽ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ጥላ ግን ይታያችኋል። እውነተኛ ሌሊት መጀመሪያ የሚወስደው ቀለምንና ዝርዝርን ነው፤ ቅርጽ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ሁሉም ሌሊት ደግሞ እኩል አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ወደ 400,000 ጊዜ ያነሰ ብርሃን ብትሰጥም መንገድ ለመሄድ ትበቃለች። ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠው የሙሉዋን ግማሽ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሰማይ ብርሃኑ ከሙሉ ጨረቃዋ መቶ ጊዜ በላይ ያንሳል። የክረምት ደመና ሲጨመርበት ደግሞ ያ ድቅድቅ የምንለው ይመጣል። ማይንክራፍት ጨረቃዋን በ8 መልክ እያፈራረቀ ያወጣል፤ የሌሊቱ ብርሃን ግን አይለወጥም። በብርሃን በኩል እንዲህ ያለች ጨረቃ ጌጥ ብቻ ናት።

«እንግዲያው እንደ እውነቱ ይጨልም» ካላችሁ ችግሩ ስክሪኑ ነው። አንድ ተራ ስክሪን ከ0 እስከ 255 ባሉ የብርሃን ደረጃዎች ይሠራል እንበል። በጨለማ የተደበቀ ሰው በደረጃ 5 ተሳለ። አንዱ ተጫዋች ጋማ የሚባለውን ቅንብር በእጥፍ ሲያሳድገው ያ 5 ወደ 36 ይዘላል። ብሩህ የነበረው 200 ግን ወደ 226 ብቻ ነው የሚሄደው። ማለትም ቅንብሩ በተለይ ጨለማውን ይገልጣል። ደንቡን አክብሮ የሚጫወተው ሲደናበር ጋማውን የነካካው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሌሊቱ በጨለመ ቁጥር ይህ አድልዎ ይብሳል።

ታዲያ ሁሉን 0 ማድረግ? 0 በጋማ አይነሳም፣ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን የቀረን ሌሊት ሳይሆን የጠፋ ስክሪን ነው።

የሚሻለው መንገድ ጨለማውን ለሰርቨሩ መስጠት ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ያለንና ብርሃን ያልያዘን ተጫዋች ቦታ ለእናንተ ኮምፒውተር ካልላከው፣ የትኛውም ቅንብር ሊያወጣው አይችልም። ያልተላከ ነገር አይፈካማ። ዋጋ አለው፤ ሰርቨሩ ማን ለማን እንደሚታይ ያለማቋረጥ ማስላት አለበት፤ ሰማይን ጀርባው አድርጎ ሸንተረር ላይ የቆመን ሰው ደግሞ መደበቅ የለበትም። ቢሆንም ሁሉን በስክሪን ቀለም ለመፍታት ከመሞከር ይሻላል። በስክሪኑ በኩል ቅርጽ የሚያሳይ፣ ቀለምና ዝርዝር የሚነፍግ ሌሊት ይበቃል።

የእጅ ባትሪም አለ። የእናንተ ብርሃን ድንጋዩን መትቶ፣ ተበታትኖ፣ ከፊሉ ብቻ ወደ ዐይናችሁ ይመለሳል። ከማዶ ለሚያያችሁ ሰው ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ከባትሪው ቀጥታ ወደ ዐይኑ። ስለዚህ እናንተ 20 ሜትር ለማየት ስትቸገሩ እሱ ከማዶው ተረተር ሆኖ ያያችኋል። ለማየት መታየትን መክፈል፣ የሌሊት ጨዋታ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ሌሊቱ በጣም ከፈካ ባትሪውን የሚፈልገው የለም፤ ጋማ ከሠራም እንዲሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጌም «ሌሊቱ አሪፍ ነው» ሲባል ሦስት ነገር ፈትሹ። ጨረቃዋ ብርሃኑን ትለውጣለች? ጋማ ከፍ ሲል የተደበቀ ሰው ይወጣል? ባትሪ ማብራት ያስፈራል? የመጀመሪያውና የሦስተኛው መልስ «አዎ»፣ የመካከለኛው «አይ» ከሆነ ሠሪዎቹ ሌሊትን አስበውበታል።