በቻይና ምግብ ቤት ስለ በላነው ምሳ

ምግብን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ሳህን ቀርቦለት «ጣዕም የለውም» ለማለት የሚያቅተው ሰው የለምና። ነገር ግን አንድን ምግብ ቤት በትክክል ሊመዝን የሚሻ ሰው ምላሱን ብቻ ምስክር አድርጎ ቢያቀርብ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል። ምግቡ በማን እጅና በምን ችግር እንደ ተሠራ መጠየቅ፣ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡትም ሰዎች እንዴት አድርገው እንደ በሉት መመልከት ይገባዋል።

ይህን የማነሣው በአሜሪካ አገር፣ ወንድሜ በሚኖርበት በሜሪላንድ፣ በአንድ መጠነኛ የቻይና ምግብ ቤት ስለ በላነው የእሑድ ምሳ ነው። ወንድሜና ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እናታችንና እኔ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ቤቱ ጌጥ የለውም፤ የምግቡም ዝርዝር በቍጥር የተጻፈ ነው። ለአንዱ ቍጥር አንድ ሳህን፣ በሳህኑም ላይ ሩዝና አንድ ዓይነት ወጥ ይመጣል። ይህ አሠራር ከሥራ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ብቻውን ለሚበላ ሠራተኛ ይስማማዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለቤተ ሰብ ግን ክፉ ነው እላለሁ። ልጆቹ ቍጥራቸውን እየጠሩ ሳህናቸውን በፊታቸው አስቀምጠው፣ ስልካቸውን ከብርጭቆ ጋራ አስደግፈው ይበሉ ጀመር። እናታችን የጽጌን ጾም ይጾሙ ስለ ነበረ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ መጣላቸውና በሰባት ሰው መካከል ብቻቸውን በሉ።

በዚህ ጊዜ ታላቁ ልጅ ሹካውን አስቀምጦ፣ «ይህ እውነተኛ የቻይና ምግብ አይደለም፤ ለአሜሪካኖች ተብሎ የተሠራ ነው» አለ። ይህ አነጋገር ዛሬ በወጣቶች ዘንድ የዐዋቂነት ምልክት ሆኗል።

ነገሩ እውነትነት አለው። ልጁ የሚበላው የጄኔራል ጾ ዶሮ የሚባለውን ነበረ። ጄኔራሉ እ.ኤ.አ. በ1885 የሞተ የሁናን ሰው ሲሆን ይህን ምግብ በሕይወቱ አልቀመሰውም። የፈጠረው ፔንግ ቻንግ ኩዪ የተባለ የዚያው አገር ምግብ ሠሪ ነው፤ ወደ ታይዋን ተሰዶ በዚያ ሠራው፣ በ1970ዎቹም በኒው ዮርክ ምግብ ቤት ከፈተ። በመጀመሪያ ስኳር አልነበረበትም፤ ያጣፈጠው የአሜሪካ አፍ ነው። የእኛም ሳህን ከሦስት ጉርሻ በኋላ የሚያንገሸግሽ ነበር።

ነገር ግን «ለአሜሪካኖች ተብሎ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲነገር ዝም ማለት አልቻልሁም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1882 ባወጣችው ሕግ ቻይናዊ ሠራተኛ ወደ አገርዋ እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ 1943 ቈየ። ለነጋዴ ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም ነበር። በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ከነጋዴ ሊቈጠር ይችላል ብሎ ስለ ፈረደ፣ ብዙዎች ገንዘብ አዋጥተው ምግብ ቤት ከፈቱ። ምጣዱ ዘመድን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ የይለፍ ወረቀት ሆነላቸው ማለት ነው። ደንበኛው ጣፋጭ ሲወድ ጣፋጭ ሠሩለት። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ሐሰተኛ ምግብ የምትል ከሆነ፣ በስደት አገር ጤፍ ሲወደድበት በገብስና በስንዴ እየደባለቀ እንጀራ ሸጦ ልጆቹን ያሳደገውን የአገርህን ሰው ምን ልትለው ነው?

ነቀፋው ሊያርፍ የሚገባው በሌላው ነገር ላይ ነበር። የቻይና ገበታ በልማዱ የጋራ ነው፤ ሩዙ ብቻ ለየራስ ይቀርብና ወጡ በመካከል ይቀመጣል። በክቡ ገበታ ላይ የሚሽከረከር ሰሌዳ ሲኖርም አንዱ እየጨለፈ ሳለ ሌላው አያዞርም። በእኛ መሶብ ጨዋ ሰው በፊቱ ካለው ይበላል፤ በዚያ ገበታ ግን የራቀውን «አቀብለኝ» ማለት ግድ ነው። አያት እንግሊዝኛ፣ የልጅ ልጅ አማርኛ በሚቸግራቸው ቤት ይህች «አቀብለኝ» ትልቅ ነገር ናት።

ስለዚህ አስተናጋጇን ጠርቼ ባዶ ሳህኖችና ማንኪያዎች አስመጣሁ፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋራ የተጠበሰ ፎሶሊያም ጨመርን፤ ከቀረበውም ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበረ። የእናታችንም ቶፉ ወደ መካከል ገባ። ትንሿ ልጅ ቀምሳ፣ «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለቻቸው። «የጾም ዓይብ ነው» አሉ። ልጅቱ ዓይብ እንዴት እንደሚሠራ ስለማታውቅ፣ ወተቱ ከሚረጋበት ጀምረው በእጃቸው እያሳዩ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዷት። ሻዩ እንኳ ቢሞቅም የሚጠጣ አልነበረም።