ሐይቅ ዳር ዓሣ በልተን ተመለስን

በ2011 ዓ.ም የጥምቀት ማግስት ነው። ዘጠኝ ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ ወጣን። የጉዞው ስም «ታሪካዊ ጉዞ» ነው። እውነቱን ለመናገር ከዘጠኛችን ታሪክ አንብቦ የመጣ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ የተቀረነው ፎቶ ልንነሣ የወጣን ነን። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ዓመተ ምሕረት ያውቃል፣ የነገሥታቱን ተራ አያምታታም። ደሴ አደርንና ጠዋት ወደ ሰሜን ተነሣን። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ የጠጣነው ሻይ ከሆዳችን ሳይበርድ ደረስን።

ውሃው ዳር ሰበሰበንና ጀመረ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት ስለማያስገባ ሁሉንም እዚሁ ልንገራችሁ አለ። ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ነገረን፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ስላቋቋሙት ትምህርት ቤት ነገረን፤ በዚያው ዘመን ተጽፎ እስከ ዛሬ ስለሚገኘው ወንጌል ነገረን። ልጁ ሲናገር ደስ ይላል። 1524 ዓ.ም ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ወረደ። «ያው እንግዲህ… ግራኝም እዚህ መጥቶ ነበር» አለና ዓይኑን አንዲት ባልደረባችን ላይ አሳርፎ ወዲያው መለሰው። ሒጃብ ያደረገች ናት፤ የአምባሰል ልጅ።

«ወንድሜ፣ በእኔ ምክንያት ነው ድምፅህን የቀነስከው? አብሽር፣ ተናገር እንጂ! እኔም እኮ ልሰማ ነው የመጣሁት» አለችው።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ግን አልተናገረም። «ዓሣው እንዳይቀዘቅዝብን» አለና ወደ ምሳው መራን። ዓሣው፣ መቼም ሐቁን መደበቅ አይቻልም፣ ግሩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ውጫሌ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ አንቀጽ 17 ተነገረን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ምኒልክና አንቶኔሊ፣ የአማርኛው «ይቻላል» የጣሊያንኛው «ግዴታ»፣ ከዚያ ዓድዋ፣ ከዚያ ጭብጨባ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንዱ ተሳፋሪ «ይስማ ንጉሥ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «በዚያ በኩል ነው» ተባለና እጅ ወደ ተራራው ተቀሰረ። ሁላችንም ወደ ተቀሰረው እጅ አየን።

የዚህ ጽሑፍ ቅሬታ ከዚያ ልጅ ጋር አይደለም። እሱ የሚነግረን እኛ ልንሰማ የምንፈልገውን ነው። ቅሬታዬ ከአጎበኛኘታችን ጋር ነው። እኛ ጦር ሜዳ የምንሄደው ቤታችን ያለውን ታሪክ ይዘን፣ እሱኑ ተራራው ፊት ደግመን፣ ይዘነው ለመመለስ ነው። መሬቱን አናየውም። ማን ከየት በኩል ወጣ? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? ስንት ሰው እዚህ ቀረ? ማንም አይጠይቅም። መቅደላን ተመልከቱ። የመቅደላ ትረካችን ሽጉጥ ላይ ይጀምራል፣ ሽጉጥ ላይ ያልቃል። ቴዎድሮስ ከመሞታቸው ሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን እንዳለቁ፣ ከእንግሊዞቹ ግን ሟቹ በጣት የሚቆጠር እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የአንድ ሰው ሞት ዘፈንም ትያትርም ሆኗል። የ700ው ሜዳ ወደ አምባው ለመውጣት የሚታለፍ መንገድ ነው።

አምባሰልም ዕጣው ያው ነው። አምባሰል ሲባል የሚታወሰን ቅኝቱ ነው፤ ክራሩ እንጂ ገደሉ ትዝ አይለንም። እዚያ ገደል አካባቢ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1531 ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ተጋጥመው ንጉሡ ተሸንፈዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሠራዊታቸውን አሰልፈው ፊት ለፊት ለመግጠም አቅም አላገኙም። ያስ ሐይቅ ዳር ያልተነገረን ነገር? ዓረብ ፈቂህ በፉቱሕ አል-ሐበሽ ጽፎታል። ገዳሙ ያኔ እንደ ዛሬው ከየብስ የተያያዘ አልነበረም፣ ደሴት ነበር። የኢማሙ ሰዎች ውሃውን የሚሻገሩበት መንሳፈፊያ ሠሩ፤ መነኮሳቱ ይህን ሲያዩ መልእክተኛ ልከው ተደራደሩ፤ የገዳሙን ወርቅና ብር አስረከቡ። ይኸው ነው። ድምፅ የሚያስቀንስ ነገሩ ምኑ ላይ ነው? እንዲያውም እዚያ ዳር ከቆመ ሰው ፊት ይህን የመሰለ ታሪክ አለ እንዴ? ሁለት ወገን በውሃ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲተማመን፣ ሲፈራራ፣ ሲነጋገር! ወንጌሉ እስከ ዛሬ አለ ብሎ የነገረን ያው ልጅ፣ እንዴት ሊተርፍ እንደቻለ ሊያስጠይቀን ይችል ነበር። ዘለለው።

ግሸን ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ስንት ሺህ ሰው ያንን የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ይወጣል፤ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት እንደነበርም ሁሉም ያውቃል። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልደፈር ያለው አምባ እ.ኤ.አ. በ1540 መውደቁን፣ በላዩ የነበረውም ሰው ማለቁን ግን ከተሳላሚው ስንቱ ሰምቷል?

«ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶ የሚኖርበት ሀገር ነው፤ ለምን የአምስት መቶ ዓመት ቁስል ትነካካላችሁ?» የሚሉኝ አሉ። ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የወሎ ሰው ተዋዶ የሚኖረው ታሪኩን ስላልሰማ አይደለም። ከማናችንም በላይ ሰምቷል። ያቺ ባልደረባችን በመመለሻችን ላይ እንዳጫወተችን፣ በእነሱ ቤት የእናቷ እናት «ግራኝ» ይላሉ፣ የአባቷ አባት «ኢማሙ» ይላሉ፤ አንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት። ማንም ድምፁን አይቀንስም። ድምፁን የሚቀንሰው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የመጣው ነው።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ ነገሩ ከነከነኝና ተራራ ላይ የተዋጉ ሌሎች ሕዝቦች ምን እንዳደረጉ ማንበብ ያዝኩ። ከሁሉ የሳበኝ የአልፕስ ተራሮች ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያንና ኦስትሪያ እዚያ በረዶ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ተፋጅተዋል። ላጋዝዎይ በሚባለው ተራራ ላይ ሁለቱም ወገኖች አለቱን እንደ ፍልፈል ቆፍረው አንዱ የሌላውን ምሽግ ከሥሩ በፈንጂ ያነሣ ነበር። ዛሬ ጎብኚው የራስ ቁር አድርጎ፣ ባትሪ ይዞ በዚያ ዋሻ ይሄዳል። የሚነግረው ሰው ባይኖርም እንኳ ጨለማው፣ ብርዱ፣ የጣሪያው ማጠር ይነግረዋል።

ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው ብለን እንዳንተወው ደግሞ ከእኛው መንገድ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ካፖሬቶ ላይ ጣሊያን ስትደቆስ ግንባሩ ከተሰበረባቸው የጦር አዛዦች አንዱ ባዶሊዮ ነበር። አዎ፣ ያው ባዶሊዮ! በ1928 ዓ.ም ከማይጨው በኋላ ጦሩ በወልድያ አቅጣጫ ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ፤ እሱም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚዘምተውን የመኪና ሰልፍ አሰናድቶ ተነሣ። ማይጨው ላይ ከገጠሙን መካከልም የአልፕስ ልጆች ነበሩ፤ ፑስቴሪያ የተባለው የተራራ ክፍለ ጦር።

ታዲያ ያ ክፍለ ጦር በሀገሩ ሐውልት አለው። ብሩኒኮ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው የቆመለት፤ «አቢሲኒያ» ላይ ለወደቁት። በ1966 በፈንጂ ተመታ። ያፈነዳው ኢትዮጵያዊ እንዳይመስላችሁ! የጣሊያን አገዛዝ የመረረው ጀርመንኛ ተናጋሪው የአካባቢው ሰው ሐውልቱን የሚያየው የፋሺስት ማኅተም አድርጎ ስለነበር ነው። በዚያው በ1938 ሙሶሊኒ ራሱ ካፖሬቶ ተገኝቶ ከ7,000 በላይ የጣሊያን ወታደሮች አፅም ያረፈበትን ትልቅ ሕንፃ መርቋል። ሙታኑ የተሸነፉ ነበሩ፤ ሕንፃው ግን ድል ያደረጉ አስመሰላቸው።

ካፖሬቶ ዛሬ ኮባሪድ ትባላለች፤ የስሎቬኒያ ናት። ሕዝቧ በ1990 ያን ትልቅ ሕንፃ ሳያፈርስ እታች ከተማው ውስጥ ሌላ ነገር ከፈተ፤ ትንሽ ሙዚየም። ማን አሸነፈ ብላ የማትጮኽ ሙዚየም። የጣሊያኑም፣ የኦስትሪያውም፣ የሀንጋሪውም፣ የስሎቬኑም ወታደር ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የበረዶ ቁስል። በ1993 የአውሮፓ ምክር ቤት የሙዚየም ሽልማት ሰጣት። የእኔ አድናቆት ከሽልማቱ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ከተማ መኖራቸው ነው፤ የጌታው ፉከራ ከላይ፣ የወታደሩ ደብዳቤ ከታች። ጎብኚው ሁለቱንም አይቶ ራሱ ይፍረድ። እኛ ጋ ፉከራውን የሚያህል አላጣንም፤ ደብዳቤውን ነው ያጣነው። «ወታደራችን መጻፍ አይችልም ነበር» የሚል ይኖራል። አልቃሽ ግን ነበረችው። ሙሾውን ማን ሰበሰበው?

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያሰብኩት ድሮ ነው፤ ሳላደርገው ጦርነቱ ራሱ መጣ። በ2014 ዓ.ም መስከረምና ጥቅምት ውጫሌ ግንባር ሆነች። ሚኒባሳችን ሞተር ሳያጠፋ የቆመባት ያቺው ውጫሌ። ከዚያ ሐይቅ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ደሴ። ኅዳር መጨረሻ ላይ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ ያዘ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ታሪካዊ ጉዞ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንደ ሕልም ሆነ።

እና አሁን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ነገ ተነገ ወዲያ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ሚኒባሱ ውጫሌ ሲደርስ፣ ስለ 2014 ምን ይባላል? ትረካው ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፤ ያውም ሁለት ሆኖ። አንዱ «ድል» የሚለውን ሌላው «ስልታዊ ማፈግፈግ» ይለዋል። ሁለቱም ትረካ ውስጥ የውጫሌ ሰው የለም። በሌሊት ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ የሸሸው፣ ደሴም ስትያዝ ወደ የት እንደሚሸሽ የጠፋው፣ ሲመለስ በሩን ተገንጥሎ ያገኘው የለም። ሁሉም ወገን ስለዚያ መሬት ይናገራል፤ መሬቱ የማን እርሻ እንደነበር አይናገርም። 1524ን በሹክሹክታ ያለፈ አስጎብኚ 2014ን በምን ድምፅ ሊነግረን ነው? ወይስ እዚያም ሲደርስ ምሳ እንበላለን?

ሐውልት ይሠራ እያልኩ አይደለም፤ ለሐውልት አንቸኩልም። የብሩኒኮውን አይተናል። ይልቅ የሞተው ሰው ስም ከእነ መንደሩ ይጻፍ። የየትኛውም ወገን ይሁን። አዛውንቶቹ ሳያልፉ ምሽጉ የትኛው ሸንተረር ላይ እንደነበር፣ መድፉ ከየት ይጮኽ እንደነበር ይጠየቁ። ለዚህ ሲሚንቶ አያስፈልግም። ደብተርና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፤ ይገኝ ከሆነ።

ያቺ ባልደረባችን ውጫሌ አጠገብ ገበሬ አጎት አላት። መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ሄዳ ጠይቃቸው ነበር። ማሽላ የሚዘሩበት ማሳ ዳር ረጅም ምሽግ ተቆፍሮ አገኘች። ማን እንደቆፈረው ስትጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ እነዚህ፣ ኋላ እነዚያ አሰፉት» አሏት። በክረምቱ አጎትየው አፈሩን እየመለሱ ደፈኑት፤ በላዩም ዘሩበት። አንደኛውን ጫፍ ግን፣ አራት እርምጃ የምታህለውን፣ አልደፈኗትም። ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድረውባታል።

«ለምን ተዉዋት?» አልኳት ስትነግረኝ።

«ጠየቅኋቸው» አለች። «‹በሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ አይሄዱም› ብለው ዝም አሉ። እኔም አልደገምኩባቸው።»