ጋኔን በመዶሻ ነው የሚወጣው

ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ወዳለው ሥራ ቤቴ ሙያ ሊለምድ የሚመጣ ልጅ ሰሞኑን፣ «ጋሼ፣ ይህን ጋኔን በሰም ቀርጸን ብሩን ብናፈስበት በግማሽ ቀን አያልቅም ወይ?» አለኝ። ያልቃል። ለመስቀል ቢሆን እሺ ባልኩት፤ አባቶቻችንም መስቀልን በሰም እያወጡ ኖረዋል። ጋኔን ግን ይመታል እንጂ አይፈስም።

ይህን የያዝኩት ከጃፓን ሰይፍ አስጌጮች ነው። መኑኪ የሚሉት ጌጥ እንደ ጣት አንጓ ትንሽ ነው፤ በእጀታው ግራና ቀኝ፣ ከክር ጥምጥሙ ሥር ይቀመጣል። ስሱን ሰሌዳ በሙጫ ላይ አጣብቀው ከጀርባው እየመቱ ያጎብጡታል፣ ከዚያ ገልብጠው ፊቱን በመሮ ይለቅሙታል። ሻኩዶ የሚሉት ቅይጥ መዳብ ነው፤ ጥቂት ወርቅ ስላለበት በመድኃኒት ሲቀቀል ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁረት ያወጣል። ለጋኔን ቆዳ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሾኪ ከቻይና ተረት የመጣ ጺማም ጋኔን አሳዳጅ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ሾኪን በእጀታው አንድ ወገን፣ ኦኒ የሚባለውን ጋኔን በሌላው ወገን ያደርገዋል። አዳኙ ይፈልጋል፣ ታዳኙ ይሸሸጋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው እጀታው ብቻ ነው። ኦኒውን በማጉያ ተመልከቱት፦ በእግሩ ሦስት ጣት፣ በዓይኑ የተቀበረች የወርቅ ነጥብ፣ ወደ ጆሮው የተሳበ ከንፈር። ከሾኪ ይልቅ በእርሱ ላይ ብዙ ተለፍቷል።

የእኛ ጋኔን ውስጥ ነው የሚቀረው። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ጋኔኗን ወርዝልያን ሲወጋ ብራና ላይ ይሣላል፣ ይጠቀለላል፣ የብር ማኅደር ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚታየው ብር ንጹሕ ነው። እኔ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ የተቆጡኝ ሽማግሌዎች አሉ፣ አልተመለስኩም።

በ1876 እ.ኤ.አ. ጃፓን ሰይፍ መታጠቅን ስትከለክል የሰይፍ አስጌጮቹ እጆች ለውጭ ገበያ ማስቀመጫና ጌጣጌጥ ወደ መሥራት ዞሩ። በ1880 እዚሁ ሜልበርን በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጃፓንም ተሳትፋለች። አዳራሹ ካርልተን ውስጥ ዛሬም አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር እነዚያ ሥራ የተነጠቁ ባለሙያዎች ትዝ ይሉኛል።

አያቴ አንጥረኛ ነበሩ። ቀን መስቀል የገዛቸው ሰው ማታ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽግ ነበር። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ቡዳ የሚለው ስም እስኪሞቱ አልለቀቃቸውም። ስለዚህ የኦኒውን ግንባር ከጀርባ ስመታ አልቸኩልም። ሌላው ሰው የአሳዳጁን ሰይፍ ያይ ይሆናል፤ እኔ ግን ያደግሁት ከሚሸሸጉበት ሰው ቤት ነው፣ ያንን ፊት አውቀዋለሁ።